ለሞተ ሞተር አዲስ ካንዴላ

«እንዴት ዋሉ ጋሼ? ቤት ደህና ናቸው? ትንሿስ፣ ሳሉ ለቀቃት?»

እንዲህ እያለች ወደ ጎማ ቤቱ ግቢ የገባችው ዳቦ አመላላሿ ናት። የተነፈሰ የጋሪ ጎማ በእጇ አንጠልጥላለች። ጎሚስታው ጎማውን ተቀብሎ በርጩማ ሳበላትና የውሃ ገንዳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። እሷም አረፍ ብላ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አቧራው፣ ማዶ ስለሚሠራው ፎቅና ግንባታው ሳያልቅ ስለገቡበት ተከራዮች አወጋችው። ከበርጩማው ፈንጠር ብሎ፣ በተከፈተ ኮፋኖ ሥር ያጎነበሰውን ሰው ግን አላየችውም። ወይም እንዳላየች ሆነች።

ያጎነበሰው ሰው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ሞተር ሲያስተካክል ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ካርቡሬተሩ አዘንብሎ፣ ቤንዚኑን በድምፅ ብቻ ስለሚመጥን ነው። ዛሬ የያዘው የጎሚስታውን የራሱን መኪና ነው። ጎሚስታው ከትልቅ መኪና የተፈታ ካርቡሬተርና ሰፊ ማርሚታ አስገጥሞላታል፤ ቅዳሜ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ፣ ዳገቱን አቋርጦ አማቶቹ ዘንድ ሊሄድ ነው። ሞተሯ ተነሥቷል፤ የቀረው ቤንዚንና አየሩን ማመጣጠን ብቻ ነበር። ከእህቱ መኪና ወዲህ ከጎሚስታው በቀር ለጆሮ ሞተር የሰጠው ሰው የለም። ይህች መኪና ካማረችለት የጎሚስታው ደንበኛ ሁሉ ወደ እሱ ይጎርፋል። ካላማረች ካቻቢቴውን ሰቅሎ ሌላ ሥራ መፈለጉ ነው።

እህቱ ስትገባ ቀና ብሎ «እታለም» ሊላት ይገባ ነበር። ግን አንዴ ዘገየ፤ ከዘገየ በኋላ ደግሞ ቀና ማለቱ ከበደው።

«ድምፅዋ ያምራል» አለች እህቱ፣ አገጯን ወደ መኪናዋ ወርወር አድርጋ። «ማን እንደያዘልዎት አልጠይቅም፤ ምን አገባኝ። ብቻ... እኔም አንድ የማውቀው ልጅ አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ማውጣት ይችልበታል። እሳት የላሰ ነው ጋሼ። እሳት... የላሰ።»

ከዚያ ያንን የምታውቀውን ልጅ ታመሰግነው ገባች። መጀመሪያ ቁጥብነቱን አነሳች። ልጅ ሳለ እንኳ የእርሳስ ቁራጭ እንደማይጥል፣ ማባከን የሚባል ነገር እንደማይወድ፣ ለእሷ የዳቦ መኪና ቤንዚን ሲመጥን ለጨቅላ ሕፃን መድኃኒት የሚለካ ይመስል እንደነበር በዝርዝር አወራች። ጎሚስታው የጎማውን ቀዳዳ በውሃ ውስጥ እየፈለገ ራሱን ይነቀንቅላታል።

«መኪናዬን ሜዳ ላይ ስትሮጥ ቢያዩዋት ኖሮ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ዳገት ላይ ብቻ ሳል ቢጤ ያዛት... ነገርኩት። ‹እግርሽ ነው› አለኝ። እውነቱን እኮ ነው ጋሼ። እግሬ ያልተማረ ነው፤ ዳገት ሲያይ ነዳጅ ይረግጣል። የሠለጠነ ሰው ዳገት ሲወጣ እግሩን የት ያስቀምጠው ይሆን?»

ጆሮ ካቻቢቴውን አጥብቆ ያዘ። ቤንዚን ሲያንስ ሞተር እንደሚቀል፣ ድምፁም ቀጥኖ እንደሚያምር ያውቃል። እንደሚግልም ያውቃል። ሜዳ ላይ ሙቀቱን ማንም ልብ አይለውም፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ነው ፒስተኑ የሚበሳው። ይህንን ያን ጊዜም ያውቅ ነበር። የካርቡሬተሩን የቤንዚን ብሎን ትንሽ ቢያላላላት ኖሮ ዛሬም ዳቦዋን በመኪና ባመላለሰች። ግን ጎረምሶቹ ያጨበጨቡለት ያ ቀጭን ድምፅ ይጠፋበት ነበር።

እህቱ ቀጠለች። ሞተሩ ዳገት ላይ ተቃጥሎ ካረፈ በኋላ ልጁ ምን ያህል እንዳሰበላት ለጎሚስታው ታስረዳው ጀመር።

«ሌላ ሰው ቢሆን አዝኖ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን ሰው እንዳይሳሳት ብሎ፣ በር ለበር እየዞረ ነገረልኝ። ‹ውሃ ሳትጨምር ነድታ አቃጠለችው› አለልኝ። እኔ እንኳ የማላውቀውን የእኔን ጥፋት አጥንቶ ያውቀዋል። እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው ከየት አገኛለሁ?»

ወሬው ዳቦ ቤቱም ደርሷል። ዳቦ ቤቱ ሩቅ ሩቅ ያሉትን ሱቆች መኪና ላለው ለሌላ ሰው ሰጠና ለእሷ በእጅ ጋሪ የሚደረሱትን ተወላት። እሷ ግን ያን ጊዜ ትንፍሽ አላለችም። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጠይቃት «ሆድ ይፍጀው» ብላ ታልፍ ነበር። ጆሮም ዝምታዋን አይቶ፣ ነገሩ አልገባትም ብሎ እፎይ ብሎ ነበር።

«ቁጥብ ነው አልኩ እንጂ ንፉግ አላልኩም» አለች ቀሚሷ ላይ ያረፈውን አቧራ እየጠረገች። «በእሱማ አይታማም። መኪናዬን ከእሱ ደጅ ትልቁ ጋራዥ አስጎትቼ ሲከፍቷት መካኒኩ ጠርቶ አሳየኝ። ፒስተኑ ጣት በሚያሳልፍ ቀዳዳ ተበስቷል። ካንዴላዎቹን ቢያዩ ግን... ሙሽራ መስለዋል። አራቱም አዲስ። አንድ ቀን እንኳ እሳት ያልነካቸው። መካኒኩ ‹ማን ነው ለሞተ ሞተር አዲስ ካንዴላ የሚገዛው?› ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን ልበለው? ደግ ሰው አልኩት። ለሙት የሚያለብስ ደግ ሰው።»

የጎሚስታው እጅ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«አሮጌዎቹን የት አድርሷቸው ይሆን? መቼም አይጥላቸውም፤ ማባከን አይወድም ብያለሁ። ምን ዓይነት ቀለም ነበራቸው ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። እኔ የዳቦ ሰው ነኝ፣ አይገባኝም። ጠግቦ የሠራ ካንዴላ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ይሆናል፣ የተራበ ደግሞ እንደ አጥንት ይነጣል ይላሉ... እውነት ነው እንዴ ጋሼ?»

ጎሚስታው ጎማውን ከውሃው አወጣ። ዕድሜውን በመኪና መሐል የፈጀ ሰው፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ከነጣ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት እንደነበር አይጠፋውም። ዓይኑ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ኮፋኖው ዞረ።

ጆሮ ጀርባው ላይ ያ ዓይን ሲያርፍበት ተሰማው። እጁ ሳያዘው ብሎኑን ያላላ ነበር፤ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ፣ ደግሞ ሌላ ትንሽ። ያ ቀጭን ድምፅ ወፈረ፣ ተንደቀደቀ፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ቡልቅ አለ።

«ውይ፣ ምን ነካት?» አለች እህቱ በሐዘኔታ። «አሁን እኮ ደህና ነበረች። ጠግባ ነው መሰለኝ... ሲወራ ሰምታ ይሆን? አይ፣ መኪና ምን ጆሮ አላት።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። «እታለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ቢል በቃ ነበር፤ ጎሚስታው ምስክር ሆኖ ዳቦ ቤቱ ድረስ ይሄድላት ነበር። ጆሮ አፉን ከፈተ። ግን ያን ካለ ይህች መኪና ከእጁ መውጣቷ ነው። አፉን መልሶ ዘጋና ብሎኑን ያጠብቅ ጀመር። አንገቱን አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሞተሩ በቀር ምንም እንደማይሰማ ሰው ሆነ።

ጎሚስታው ጎማውን ለጥፎ፣ ነፍቶ አስረከባት። እሷም ተነሥታ ቆመች፤ ወዲያው ግን አልሄደችም። ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድሟ ጀርባ መለሰችና ትንፋሽ ሁለት ትንፋሽ ያህል ጠበቀችው። ካቻቢቴው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«እንግዲህ ልሂድ ጋሼ፣ ዳቦው ይደርቅብኛል» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «ያንን ልጅ ሳነሳው አንጀቴን ይበላኛል። ምንም ቢሆን ሳልመርቀው አልሄድም። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ጥሩ ሚስት ይስጠው፣ የሚያማምሩ ልጆች ይስጠው፣ የራሱ መኪና ይስጠው። የዚያችን መኪና ሞተር ማንም እጁን ሳያስገባበት፣ እንደ እኔዋ አድርጎ እሱ ራሱ ያስተካክላት። ከዚያ... ልጆቹን ከኋላ ደርድሮ ያንን ዳገት ለመውጣት ያብቃው።»

ጎሚስታው እጁን በሱሪው ጠራርጎ ወደ መኪናው ገባ። ሞተሩን አጠፋውና በፀጥታው ውስጥ «አሜን» አለ።