በረዶ የማያድርበት ጣሪያ

የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት ከፖስታ ቤት ስመለስ፣ ጎረቤቴ ሜርል ፒንካም የቤቱን ግርጌ ዙሪያውን በጥድ ቅርንጫፍ ሲያለብስ አገኘሁት። በእኛ በሜይን፣ በአሜሪካ ሰሜናዊ ጥግ፣ ብርድ ከወለል በታች እንዳይገባ እንዲህ ማድረግ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ሜርል ግን ከዚህ ሌላ ለቤቱ ምንም ሊያስደርግ ፈቃደኛ አልነበረም። የሚስቱ የቨርና ሳንባ ታሞ ሐኪሙ፣ ቤቱ ካልሞቀ የብርዱን ወራት በሞቃቷ ፍሎሪዳ ልጇ ዘንድ እንድታሳልፍ አዝዟል። ሜርል በወጣትነቱ ያገባትን ሴት ሊሸኝ ነው፤ የከተማውን እርዳታ ግን አልቀበልም ብሏል። እልኸኝነቱ ያበሽቀኝ ነበር።

እያወራን ሳለ ዴሊያ መጣች። ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ወጣት ናት፤ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥራ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች በማገዶና በመብራት ሂሳብ ታግዛለች፣ ብርድ የሚያስገባ ቤታቸውንም ታስጠግናለች። ሜርል የመጣችበትን ገና ሳትናገር አወቀ።

«ልጄ፣ አትድከሚ» አላት። «እናቴ ከከተማው ማገዶ የተቀበለች ጊዜ ስሟ በከተማው የዓመት ስብሰባ በሰው ሁሉ ፊት ተነበበ። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።»

ዴሊያ ያ ደንብ ከቀረ ብዙ ዘመኑ መሆኑን፣ ዛሬ የተረጂን ስም ማውጣት ክልክል መሆኑን ረጋ ብላ አስረዳችው። ሜርል አልተዋጠለትም።

«ጋሼ፣ አምና የጭስ ማውጫዎ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪናውን መለሱት?»

«ምን ነካሽ፣ ቤቴ እየነደደ?»

«እሱም የከተማው ነው። የእርስዎም ግብር አለበት፤ በዚህኛውም አለበት።»

ሜርል ወሬውን ለማስቀየር ወደ ላይ ጠቆመ። «ደግሞስ ምድጃዬ ምን ጎደለው? የሰው ጣሪያ ሁሉ ነጭ ነው፤ እኔ ጣሪያ ላይ በረዶ አድሮ አያውቅም።» ይህ የዘወትር ጉራው ነበር፤ በከተማችን በዚህ የሚኮራው እሱ ብቻ አይደለም።

«እሱን እኮ ነው የምልዎት» አለች ዴሊያ። «በረዶውን ያቀለጠው የእትዬ ቨርና ሙቀት ነው። በጣሪያው እየወጣ ያልቃል። እርስዎ የቤቱን እግር አልብሰው ራሱን ራቁቱን ትተውታል።»

ሜርል ጥቁሩን ጣሪያ ትክ ብሎ አየ። ከውስጥ ቨርና ስትስል ተሰማ።

«በይ ሰዎችሽን አምጪ» አለ በመጨረሻ።

ሠራተኞቹ ከጣሪያው ሥር ሙቀት የሚይዝ እንደ ጥጥ ያለ ሙሌት በማሽን ነፉበት፤ የመስኮቱንና የበሩን ስንጥቅ ደፈኑ፤ ከተማውም የማገዶውን ሂሳብ አገዘ። ቀድሞ በወር የሚያልቀው እንጨት ከወር አለፈ። ኩሽና ምድጃ ሥር ትተኛ የነበረችው ቨርና ወደ መኝታ ቤቷ ተመለሰች፤ ሳሏ ቀለል አለ፤ የፍሎሪዳው ጉዞም ቀረ። ሜርል ጧት ጧት ደጅ ወጥቶ ነጩን ጣሪያውን ሲያይ ደስ ይለኝ ነበር።

በመጋቢት የከተማው ስብሰባ ተደረገ፤ አዳራሹ የእናቱ ስም የተነበበበት የጥንቱ ነው። ስለ እርዳታው በጀት ክርክር ተነሣና አንዳንዱ፣ የሚፈልገው ስለሌለ ይቀነስ አለ። ያን ጊዜ ሜርል ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ስሜ ሜርል ፒንካም ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ከከተማው እርዳታ ተቀብያለሁ። ሚስቴ ይችትና አጠገቤ ተቀምጣለች።»