ጉማሬ ነጂዎቹ

በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ጋሽ ሌዳሞን የማያውቅ ዓሣ አስጋሪ የለም፤ አለሁ የሚል ካለም ዓሣ አስጋሪ አይደለም። የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሽማግሌ ናቸው። ከሽምግልናው በላይ የሚኮሩበት ሌላ ሹመት ግን አላቸው፤ የጉማሬ ነጂዎች አለቃ ናቸው። ማምሻውን ጉማሬዎች ሣር ፍለጋ ወደ ዳር ብቅ ሲሉ፣ ጋሽ ሌዳሞ ጎረምሶቹን በሞተር ጀልባ ጭነው፣ ቆርቆሮ እያስቀጠቀጡና እየጮኹ እንስሳቱን ወደ ሐይቁ ማዶ ይነዳሉ። ማዶው የሌላ ክልል ነው። «ከእኛ ይራቅ እንጂ ከፈለገ ሰማይ ይውጣ» ይላሉ፣ ተመልሰው ሻይ ሲጠጡ።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ኩራቱ ከሳቸው ጋር አልነበረም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጉማሬ የልጃቸውን የፊልሞንን ጀልባ ገልብጦ ክንዱን ሰብሮታል። ፊልሞን የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ከማስገር ሌላ ሙያ ስለሌለው ደግሞ ክንዱ ሲጠገን ወደዚያው ውሃ መመለሱ አይቀርም። ይህ ሐሳብ አባትየውን ውስጥ ውስጡን ይበላቸው፣ ሌሊትም እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር።

የፊልሞንን የተሰበረች ጀልባ ቆመው ሲያዩ አንዲት ወጣት ቦርሳዋን አንግታ ወደሳቸው መጣች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ወደ ማዶ የሚያሻግረኝ አጥቼ ነው። የቀጠርኩት ሰው ሞተሩ ተበላሸበት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ማዶ ምን ጉዳይ አለሽ?»

«ሩሀማ እባላለሁ፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዱር እንስሳት አስተምራለሁ። ሁለቱ ክልሎች የሐይቁን ዳር በጋራ ለመጠበቅ ሊስማሙ ነው። ነገ ስብሰባ ስላለ የማዶውን ሽማግሌዎች ላነጋግር ነው።»

ጋሽ ሌዳሞ ሳቃቸውን ዋጡት። ይህ ስምምነት ፊላ የሚባለውን ረጅም የውሃ ዳር ሣር ማጨድና ጉማሬ መንዳት ይቅር የሚል ስለሆነ፣ እሳቸው ገና ስሙን ሲሰሙ «ሞቼ ካልሆነ» ብለውለታል። እሳቸው እምቢ ካሉ ማኅበሩ እምቢ ይላል፤ ማኅበሩ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ልጅቱ ይህን ሁሉ አታውቅም።

«ግቢ፣ አሻግርሻለሁ» አሏት። እንግዳ ማሻገር ወግ ነው፤ ደግሞም ሐይቅ መሀል የተማረ ሰው ቢገሥጹት የትም ሮጦ አያመልጥም።

ጀልባዋ ከዳር ራቅ እንዳለች ሞተሩን አለዘቡና ጀመሩ።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ። እስኪ ከሥሩ ንገሪኝ፤ ጉማሬ ለሰው ምን ይጠቅማል?»

«ሌሊት የበላውን ሣር ቀን ውሃው ውስጥ ይጥለዋል ጋሼ። ያን ጥቃቅኑ ፍጥረት ይመገበዋል፣ ጥቃቅኑን ደግሞ ዓሣው።»

«ፋንድያውን አመስግኑ ነው የምትዪኝ!»

«ማመስገኑ ቢቀር አይንዱት ነው የምለው» አለች ሩሀማ ፈገግ ብላ። «ፊላውንስ ለምን ታጭዱታላችሁ?»

«ጉማሬ እንዳይደበቅበት ነዋ።»

«ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው የት ነው?»

ጋሽ ሌዳሞ ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ። ቆሮሶ የሚራባው ፊላው ሥር እንደሆነ ከልጅነታቸው ያውቃሉ። መረባቸው ከዓመት ዓመት እየቀለለ መምጣቱንም ያውቃሉ። ሁለቱን አገናኝተው አያውቁም ነበር፤ አሁንም ማገናኘት አልፈለጉም።

«እሱን ተዪው» አሉ። «ጉማሬውን የሚልኩብን እነዚህ ማዶዎቹ ናቸው። ልጄን የገለበጠው ጆሮው የተተረተረ ጉማሬ የእነሱ ነው። ከእነሱ ጋር ምን ያስማማናል? የእኛን ዳር እኛ፣ የእነሱን እነሱ ይጠብቁ።»

«ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ» አለች ሩሀማ፤ አባባሏ ከልብ ነበር። «ግን ጋሼ፣ እናንተ ፊላውን ብትተዉና እነሱ ቢያጭዱ ጉማሬው ሁሉ እናንተ ዘንድ ይከማቻል። እነሱ ብቻ ቢተዉ ደግሞ ችግሩ የእነሱ ይሆናል። አንድ ወገን ብቻውን የሚችለው ቢሆን ኖሮ ሁለት ክልል ባላስቸገርን ነበር።»

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! እነሱ ቃል ገብተው ሊጠብቁ?»

ሩሀማ ዞራ ወደ ማዶው ዳር ተመለከተች። ጋሽ ሌዳሞም ረታኋት ብለው ሞተሩን አጠነከሩት።

ማዶው ዳር ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት ነገር አስገረማቸው። በአንድ ረጅም እንጨት ላይ የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል። ከአጠገቡ አዲስ የታጨደ ፊላ ተከምሯል። የገዛ ማኅበራቸውን ግቢ ያዩ መሰላቸው። ከክምሩ ጎን ተቀምጠው የነበሩት የአካባቢው ሽማግሌ ሀጂ ጠሀ ተነሥተው እንግዶቹን በአክብሮት ተቀበሉ። ነገር ግን ጋሽ ሌዳሞ ከሀዋሳ ዓሣ አስጋሪዎች ወገን መሆናቸውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«እንግዳ ባይሆኑ ብዙ እናገር ነበር» አሉ። «ጉማሬ የምትልኩብን እናንተ ናችሁ።»

«እኛ? እናንተ እንጂ!»

«ወላሂ እናንተ ናችሁ! ያ ጆሮው የተተረተረው በቆሎዬን ረጋግጦ የወንድሜን ልጅ ከነጀልባው ገለበጠው። እዚህ ስሙ ‹የከተማው› ነው።»

«እኛ ጋ ስሙ ‹የማዶው› ነው» አሉ ጋሽ ሌዳሞ፤ ድምፃቸው ግን ቀዘቀዘ። «ለመሆኑ መቼ ነው እዚህ የታየው?»

«ያለፈው ሳምንት፣ እሑድ ማታ። ከእናንተ በኩል ጩኸት ሰማን፣ ከዚያ እሱ መጣ። እኛም ሰኞ ማታ ቆርቆሮ መትተን መለስነው።»

ጋሽ ሌዳሞ ክምሩ ላይ ተቀመጡ። እሑድ ማታ ቆርቆሮ ያስመቱት እሳቸው ናቸው። ፊልሞን የተገለበጠው ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። ያ ጉማሬ ሁለት ማታ ሙሉ ሳይበላ፣ ከዳር ዳር ሲባረር ሰንብቶ፣ ተቆጥቶና ተርቦ ሲመለስ መጀመሪያ ያገኘው የልጃቸውን ጀልባ ነው። ላኪዎቹ እነሱ ናቸው ሲሉ ኖረው ነበር፤ ለካ ላኪውም ተቀባዩም እሳቸው ኖረዋል።

«ልጄን የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም አለሁበት» አሉ ሀጂ ጠሀ፤ ቁጣቸው ለቋቸው አጠገባቸው ተቀመጡ። «አላህ አተረፈልን። የእርስዎም ልጅ፣ የእኔም ልጅ።»

ሩሀማ ይህን ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ይህም ከትምህርቷ ሁሉ የበለጠ ብልሃት ነበር። ሽማግሎቹ ራሳቸው ዞረው ጠየቋት።

«እሺ ልጄ፣ ካልነዳነው በቆሎው ምን ይሁን?» አሉ ሀጂ ጠሀ።

«ከውሃው እስከ ማሳው ያለው ፊላና ሣር ሳይታጨድ ይቆይ። በማሳው ድንበር ቦይ ይቆፈር፤ ጉማሬ ከብዶት ቦይ መሻገር አይወድም። በዳሩ የሚጠግብ እንስሳ ወደ ሩቅ አይሄድም።»

«ጀልባውስ?» አሉ ጋሽ ሌዳሞ። ሊያውቁ የፈለጉት ይህን ነበር።

«ፀሐይ ወጥታ ጉማሬዎቹ ከሣሩ ወደ ውሃቸው ሳይመለሱ ጀልባ አይውጣ፤ እነሱ በሚውሉበት በኩልም መረብ አይጣል። ሕጉ ግን በሁለቱም ዳር አንድ መሆን አለበት። ጠባቂዎቹም ከሁለቱም ወገን ተመርጠው አብረው ይዙሩ።»

በማግስቱ ስብሰባው በሐይቁ ዳር ተደረገ። ከሁለቱም ክልል ባለሥልጣናት መጡ፣ የሁለቱም ዳር ሰው መጣ። ጋሽ ሌዳሞ ሲነሡ የማኅበሩ ጎረምሶች ለእምቢታቸው ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አዘጋጁ።

«እኔ ስምምነቱን እቀበላለሁ» አሉ።

«ጋሼ! ሞቼ ካልሆነ ብለው አልነበር?» ብሎ ጮኸ አማኑኤል የሚባል ነጂ፣ ቆርቆሮ በመምታት የታወቀው።

«ብዬ ነበር። ሊሞት የነበረው ግን እኔ ሳልሆን ልጄ ነው» አሉና የሆነውን ሁሉ፣ አንዱንም ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። «እኛ ነዳን፣ እነሱ መለሱ። ጉማሬው አንድ ነው፣ ሐይቁም አንድ ነው፤ ሁለት የነበርነው እኛ ሞኞቹ ነን። ዛሬ እኛ ብቻ ብንተው ከንቱ ነው፣ እነሱ ብቻ ቢተዉም ከንቱ ነው። አብረን ከተውን ግን ልጆቻችን ወጥተው ይገባሉ። ከዚህ ሌላ የምፈልገው የለም።»

ሀጂ ጠሀ ከወዲያ ተነሥተው «የእኛም ቃል ይኸው ነው» አሉ። ዳሩ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። አማኑኤል እንኳ ጥቂት አኩርፎ ቆየና አጨበጨበ፤ በኋላም ከማዶው ከመጣ አንድ ወጣት ጋር ጠባቂ ሆኖ ተመረጠ።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልዘርዝር ብል ወረቀት አይበቃኝም፤ ቢሆንም ጥቂቱን ልበል። ፊላው በሁለት ክረምት አንገቱን አቀና። ሥሩ ቆሮሶ ተራባ፤ ዓሣው ሲበዛ ርቀው የነበሩት ወፎች ተመለሱ፣ ወፍ ሊያይ የሚመጣው እንግዳም በረከተ። ከተራራው የሚወርደውን ደለል ፊላው እየያዘ ውሃው ጠራ። አንዲት ጉማሬ ልጅዋን ይዛ በቀን ታየች፤ የሚነዳት ስላልነበረ ማንንም አላስቸገረችም። የሐይቁ ወዳጅነት ወደ ጫካም ተሻግሮ ሁለቱ ወገኖች ከሐይቁ በላይ ያለውን ደን በጋራ ይጠብቁ ጀመር። ጎረቤት ከጎረቤት ሲመክር እንዲህ ነው፤ ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ግን ችግሩን ለጎረቤቱ ይሰዳል፣ ጎረቤቱም ይመልስለታል።

የፊልሞን ክንድ ከዚህ ሁሉ በፊት ድኖ ነበር። ወደ ሐይቁ በተመለሰበት ጠዋት ፀሐይ ወጥታ፣ ከማዶም ጀልባዎች ወጥተው፣ ከሁለቱ ዳር የሚነሡት አስጋሪዎች መሀል ላይ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ጋሽ ሌዳሞ ልጃቸው መረቡን ሲጥል ከዳር ቆመው አዩት። ከዚያ የምስጋና ጸሎታቸውን አድርሰው ቤታቸው ገቡ፤ ፊልሞን ገና ውሃ ላይ ሳለም እንቅልፍ ወሰዳቸው።