መንገድ ላይ የቀረው የሰርግ ፎቶ

አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ሰፈራችን ባለው ፎቶ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ባለ ፎቶ ቤቱ ሲያዩኝ ጎትተው አስገቡኝ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ኮምፒዩተር የተማረችው የእህታቸው ልጅ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ዲስክ ትፈታለች።

«መምህር፣ ይፍረዱኝ» አሉ። «ፎቶዬን ሁሉ የማስቀምጠው ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት ሩቅ ባለ ማከማቻ ነው። ይቺ ልጅ ግን ዲስክ ተቃጥሎ ያነሣሁት የሰሞኑ ሰርግ ፎቶ ጠፋ ትለኛለች። እዚያ ያለ ነገር እዚህ ጠረጴዛ ሥር እንዴት ይቃጠላል?»

ሰርጉን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የሙሽራዋ አባት ከታመሙበት አልጋ ተነሥተው፣ በሰው ተደግፈው ነው ልጃቸውን የዳሩት። ይህ ዳግመኛ አይነሣም።

«ጋሼ፣ ክላውዱ ምንም አልሆነም» አለች ልጅቷ በትሕትና። «ፎቶው መጀመሪያ የሚያርፈው ካሽ በሚባለው በዚህ ዲስክ ላይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በኢንተርኔት ቀስ እያለ ይሄዳል። እስኪደርስ ድረስ ያለው እዚሁ ብቻ ነው።»

«አስቀምጥ ስለው እኮ ወዲያው እሺ ይለኛል።»

«ተቀበልኩ ማለቱ ነው እንጂ አደረስኩ ማለቱ አይደለም። እርስዎ ደግሞ ሱቁን ሲዘጉ መብራቱን ከቆጣሪው ያጠፋሉ፤ ፎቶው ሳይሄድ እዚሁ ይቀራል።»

«እሳት ፈርቼ ነዋ። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

«አባትዎ ክላውድ አልነበራቸውም፣ ጋሼ።»

ሳቄ አምልጦኝ ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት። «እኔም ክላውድ ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር» አልኩ፣ በስሕተታቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ።

ሰውየው ለሙሽራዋ ሊነግሯት ስልካቸውን አነሡ። ግን ሳይደውሉ መልሰው አስቀመጡት።

«የካሜራውን ካርድ ምን አደረጉት?» አለች ልጅቷ።

«ያለበትን ፎቶ ሁሉ አጠፋሁት። ክላውድ እያለ ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

«ከዚያ ወዲህ ሌላ ፎቶ አንሥተውበታል?»

«በዚህ ዝናብ ማን ፎቶ ይነሣል?»

ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች። ፎቶው የጠፋበት ካርድ ሌላ ካልተነሣበት ብዙ ጊዜ ፎቶው ከሥር አለ ብላ ካርዱን ተቀብላ ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። መጀመሪያ አበባ መጣ፣ ከዚያ የአንዲት ሚዜ ጀርባ፣ ከዚያ የሙሽራዋ አባት፣ ከረባታቸው ተንሻፎ፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው ሲስቁ። እፎይ አልን። ባለ ፎቶ ቤቱ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው በመሐረብ ፊታቸውን ጠረጉ።

«በይ ምከሪኝ፤ እጄን ሰጥቻለሁ።»

«ካሹን አንድ ዓይነት ፎቶ በሚይዙ ሁለት ዲስኮች እናድርገው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ደርሷል የሚለውን ሳያዩ ኮምፒዩተሩን አያጥፉ። ካርዱንም ክላውዱን ከፍተው ፎቶውን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ያጽዱ።»

እንዲህ ያደረገ ሰው ዲስክ ቢቃጠልበት ዲስክ ይለውጣል እንጂ የሰው ሰርግ አያጠፋም፤ እንቅልፉንም ደኅና አድርጎ ይተኛል።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሙሽራዋ ነበረች፤ አባቷ ለማየት ቸኩለዋልና መጥታ ትውሰድ እንደሆነ ጠየቀች።

ባለ ፎቶ ቤቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለልሽ፣ የኔ ልጅ። አባትሽማ አምሮባቸዋል። ግን ነገ ነይ፤ ገና አልደረሰም።»