ዶክተር ከረጢት እና ክትባት ያልገባቸው ዶሮዎች

ባልደረቦቼ፣ በዚህ የዶክተር የጡረታ ሽኝት ላይ አለቃችን ባጭሩ ተናገር ብለውኛል። ስለ ዶክተር ባጭሩ መናገር ግን ከራሳቸው ከዶክተርም አልተማርነው።

መጀመሪያ እዚህ የመጡ ዕለት፣ ካርቶን ውስጥ ሆና አንገቷን ያሰገገች ዶሮ ታቅፈው ነበር። ዘበኛው ዶሮ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብሎ አገዳቸው። እሳቸው ቀና አሉና ከበሩ በላይ የተጻፈውን አነበቡለት፤ «የዶሮ በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ» ይላል። ዘበኛው ትንሽ አሰበና «እሺ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እሷ ግን መታወቂያ የላትም» አላቸው። ዶሮዋ በእንግዳ ደንብ ገባች። ስትወጣ ያየ ግን የለም።

ከረጢት የሚለውን ቅጽል ያወጣንላቸው እኛ ነን። ዶሮ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ከመቀመጫዋ በላይ፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት አለቻት። በሽታ የሚከላከሉላት ሕዋሳት የሚያድጉት እዚያ ነው። እኔ የክትባት መጋዘን ሠራተኛ ነኝ፤ ይህን ያወቅኩት ፈልጌ አይደለም። ሻይ ሲጠጣ ወሬያቸው ከረጢት፣ መኪና ሲበላሽም ከረጢት። የገንዘብ ያዧ ሰርግ ላይ፣ ሳህናቸው ላይ ያለችውን ዶሮ አገላብጠው አዩና «ይቺስ በጤናዋ ነው የሞተችው» አሉ። የእኛ ጠረጴዛ ያን ቀን አትክልት ብቻ በላ።

አንድ ዓመት ከትልቁ እርባታ ስልክ ተደወለ። የፈንግል ክትባት የወሰዱ ዶሮዎች በፈንግል እያለቁ ነው አሉ። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ምርመራ አላስፈለጋቸውም። ክትባቱን ሙቀት ነክቶታል፣ ማቀዝቀዣውን የያዘው ሰው ይባረራል ብለው ጨረሱት። የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሚስቴ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ባልደረቦቼ አዘኑልኝ፤ ከሩቅ። ሻይ ክበብ ስገባ ሁሉም ሰዓቱን ያይ ነበር።

ዶክተር ቦት ጫማቸውን አጥልቀው እርባታው ሄዱ። የሞቱትን እየከፈቱ ከረጢታቸውን ቢያዩ፣ ሁሉም ሟሽሿል። ስብሰባው ላይ አንዱን በሳህን አምጥተው ከዳይሬክተሩ ሻይ አጠገብ አኖሩት።

«ክትባቱ ደህና ነው» አሉ። «ጫጩት ሳሉ ጉምቦሮ የሚባለው ቫይረስ ገብቶ እዚህ ያሉትን ሕዋሳት ፈጅቷቸዋል። ክትባት ማለት የጠላትን ፎቶ ማሳየት ነው። የሚያይ ከሌለ ፎቶው ምን ይሠራል?»

ዳይሬክተሩ ሻያቸውን ራቅ አደረጉ። «ጥፋተኛውን እኮ ለበላይ አሳውቄያለሁ። አሁን ቫይረስ ነው ልበላቸው?»

«አዎ። እሱንም ያባርሩት፤ ከወጣልዎ።»

እርባታው ጫጩቶቹን ቀድሞ ለጉምቦሮ መከተብ ጀመረ፤ ሞቱም ጋብ አለ። እኔም ሥራዬ ላይ ቀረሁ። ላመሰግናቸው ብሄድ «ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ በል እጅህን ታጠብና ውጣ» አሉኝ። ዳይሬክተሩ ዛሬ ተጠርተው ነበር። ስብሰባ አለብኝ ብለዋል።

ዶክተር፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። በዚያ ሰሞን የክፍሉ ኃላፊነት ለእርስዎ ሊሰጥ ታስቦ ነበር አሉ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ለሌላ ሰው መሰጠቱን የነገረችኝ ጸሐፊዋ ናት፤ ያውም ስንት ዓመት ቆይታ። እርስዎን ብጠይቅ «ስብሰባ ቀረልኝ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ያን ጊዜ በሆድ የነበረችው ልጄ ዛሬ ወግ ማዕረግ አይታለች። ያደገችው እርስዎ ባስቀሩልኝ እንጀራ ነው። አመሰግናለሁ የምትለው ቃል ታንሳለች፤ ግን ሌላ የለኝም።

እንግዲህ ብርጭቋችንን እናንሣ። ዕድሜና ጤና አይለይዎ፤ ጉልበትዎ አይክዳዎ፤ ቤትዎ በልጅ ልጅ ይሙላ። አጠገብዎ የተቀመጡት ባለቤትዎ፣ እርስዎ «ትንሽ አምሽቼ እመጣለሁ» እያሏቸው ጸጉራቸው ሸብቷል። ከነገ ጀምሮ እዚህ የሚጠብቅዎ ሥራ የለም፤ የሚጠብቅዎ ሰው ግን አለ። ለጤናዎ!