ኢስታንቡል እና የእድሩ ቁልፍ

ደሴ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ ጡረታ የወጣችው የጂኦግራፊ መምህርት ትርንጎ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ባሏን ደምሰውን፣ የሰፈሩን እድር ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዡን፣ ኢስታንቡል አብረን እንሂድ እያለች ትሞግተዋለች።

ትርንጎ፦ የቲኬት ቢሮዋ ልጅ እስከ ስምንት ሰዓት ቁርጡን ንገሩኝ ብላለች። አንድ ሰው ልበላት ሁለት?

ደምሰው፦ አንቺ ሂጂ አልኩሽ እኮ። ማን ከለከለሽ?

ትርንጎ፦ ብቻዬን አልሄድም።

ደምሰው፦ እንግዲያው ማንም አይሄድም፤ ተስማማን።

ትርንጎ፦ ስምንት ቀን ብቻ እኮ ነው።

ደምሰው፦ በስምንት ቀን ስንት ሰው ይሞታል?

ትርንጎ፦ ደሞ ጀመረህ።

ደምሰው፦ ድንኳኑን ማን ያወጣል? ኮምቦልቻ ለሰርግ የሄድን ዕለት የሆነውን ረሳሽው?

ትርንጎ፦ እንዴት እረሳለሁ? ጋሽ ይመር ሞቱ ተብሎ፣ ሙሽራው ሳይመጣ ጎትተህ መለስከኝ። የምሳው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ደምሰው፦ ታዲያ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ይቀመጥ?

ትርንጎ፦ እሱን ተወውና ይሄን እይ። ይቺ ቀጭን የባሕር ሰርጥ ቦስፎረስ ናት። ወዲህ አውሮፓ፣ ማዶ እስያ። ጠዋት በጀልባ ተሻግረን እስያ ሻይ እንጠጣለን፣ ለምሳ አውሮፓ እንመለሳለን።

ደምሰው፦ ለአንድ ሻይ አህጉር መቀየር ምን የሚሉት ጣጣ ነው?

ትርንጎ፦ በማግስቱ ጥንታዊውን ሕንፃ አያ ሶፊያን እናያለን። ከዚያ የድሮውን የከተማ ቅጥር ተከትለን እስከ ባሕሩ በእግራችን።

ደምሰው፦ ጉልበቴስ?

ትርንጎ፦ ድንኳን ስትሸከም ጉልበትህን አሞህ አያውቅም።

ደምሰው፦ ጀልባዋ... ትልቅ ናት?

ትርንጎ፦ ሰው በየቀኑ ሥራ የሚሄድባት ናት። የከተማ አውቶቡስ አሥር እጥፍ ትሆናለች።

ደምሰው፦ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ትርንጎ፦ ቁልፉን ለጎረቤታችን ለሻምበል መኩሪያ ስጣቸው። እሺ ብለዋል።

ደምሰው፦ እኔ ሳላውቅ ጠየቅሻቸው?

ትርንጎ፦ ጠየቅኋቸዋ። «ድንኳን ማውጣት ለማን ይከብዳል?» አሉኝ።

ደምሰው፦ እንዲህ አሉ?

ትርንጎ፦ ምነው ፊትህ ጠቆረ?

ደምሰው፦ እውነቱን ልንገርሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ይሄን ቁልፍ ይዣለሁ። ሄጄ ስመለስ ሰዉ ያለ እኔ አልቅሶ፣ ያለ እኔ ቀብሮ፣ ምንም ሳይጎድለው ቢጠብቀኝስ? ከዚያ በኋላ ለምን እፈለጋለሁ? የምፈራው እሱን ነው።

ትርንጎ፦ እኔም የምፈራውን ልንገርህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይቺን ውሃ በዱላ እየጠቆምኩ አስተማርኩ። አንዲት ተማሪ «ውሃው ምን ዓይነት ነው?» ብትለኝ «ሰማያዊ» አልኳት። ካርታው ላይ ሰማያዊ ስለሆነ ነው እንጂ ምን አውቄ። ሳላየው እንዳልሞት እፈራለሁ። ሳየው ደግሞ ዞር ብዬ «አየህ?» የምለው ሰው ያስፈልገኛል። ለቁልፉ ሻምበል አሉለት። ለእኔ ግን ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?

ደምሰው፦ ሁለት ሰው በያት።

ትርንጎ፦ ከልብህ ነው?

ደምሰው፦ ከልቤ ነው። ለሻምበልም ደውዪላቸው። እስክንመለስ ድረስ ማንም እንዳይሞት አደራ በያቸው።