ጋሽ ዘሩና የመሮጫ ማሽናቸው

ጋሽ ዘሩ በጅቡቲ ከተማ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለው ፋርማሲ የስኳር መድኃኒታቸውን ይዘው ሲወጡ፣ በሩ ላይ ከፅዮናዊት ጋር ተገጣጠሙ። ፅዮናዊት የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ነርስነት ተምራ በአንድ ክሊኒክ ቁስል ታሽጋለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ዘሩ? እንደታዘዙት እየተራመዱ ነው?»

«እንዴታ! የመሮጫ ማሽን ገዝቼ ቤቴ አቁሜያለሁ። ነይና እዪልኝ እንጂ!»

ጋሽ ዘሩ ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባና በጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው በዚሁ በሽታ እግሩን ሲቆረጥ አይተዋል። ስለዚህ ሐኪሙ «በየቀኑ ይራመዱ» ሲላቸው ቃሉን ለመፈጸም ቆረጡ። ነገር ግን በሐምሌ ፀሐይ ማን ደጅ ወጥቶ ይራመዳል? ማሽኑን ኤሲ ባለበት ብቸኛ ክፍል ተከሉት። የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ማርያማዊትም የምትውለው እዚያው ነው፤ እናቷ የውብዳር ወደ ሱቋ ስትሄድ ጠባቂዋ እሳቸው ናቸውና።

ቤት ሲደርሱ የውብዳር ልጇን አስረክባቸው ወጣች። ጋሽ ዘሩ ለእንግዳቸው ለማሳየት ጥቂት ተራመዱና፣ ውሃ ሊቀዱላት ወረዱ። የማሽኑ ላስቲክ ግን ቀስ እያለ መሽከርከሩን ቀጠለ።

«ጋሽ ዘሩ፣ አላጠፉትም እኮ!»

«በሚኒሞ፣ በዝግታ እንዲዞር ትቼው ነው። ሞተር ለትንሽ ዕረፍት አይጠፋም፤ ማጥፋት ማስነሣቱ ነው የሚገድለው። የከባድ መኪኖች ማቆሚያው ፔካ 12 ላይ ተራ ስንጠብቅ እንዲሁ ነበር።»

«ይኼ እኮ ናፍጣ የሚጠጣ መኪና አይደለም!»

«አንቺ መርፌሽን እወቂ፣ ሞተሩን ለእኔ ተይልኝ» ብለው ሣቁ።

ፅዮናዊት ግን አልሣቀችም። «ይህች ቀይ ቁልፍስ? ክሯ ልብስዎ ላይ ተይዞ፣ ድንገት ሲወድቁ ተነቅላ ማሽኑን የምታቆም ናት። ለምን በሽቦ አሰሯት?»

«እየተነቀለች አስቸገረችኛ! የሚንቀጠቀጥ ዕቃ በሽቦ ካልታሰረ መንገድ ላይ ይቀራል።»

«በቅርቡ የአንድ ሕፃን ጣቶች አሽጌያለሁ። በኋላ በኩል እጁን ከላስቲኩ ሥር ሰደደ፤ ቆዳውን ልጦ እንደ እሳት አቃጠለው። አባቱ ‹አጠገቤ ነበር› እያለ ነበር የሚያለቅሰው።»

«እኔ ዓይኔን ከልጄ ላይ አልነቅልም። ደግሞስ ምን ልሁን? ማሽኑን ጥዬ እንደ ወንድሜ እግሬን ልቆረጥ?»

«ይጣሉት መቼ አልኩ...»

ሳትጨርስ ማርያማዊት ነጠላ ጫማዋን ላስቲኩ ላይ ወረወረች። ጫማው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከሥሩ ተወተፈ፤ ማሽኑ አጓራ። ልጅቷም ጫማዋን ልታወጣ በደረቷ ተኝታ እጇን ዘረጋች።

ጋሽ ዘሩ ዘለው ቀዩን ቁልፍ ያዙ። ሳቡት፤ ሽቦው አልለቀቀም። ደግመው ሳቡት። ፅዮናዊት ሕፃኗን በቀሚሷ ጎትታ ስታነሣ፣ እሳቸው ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ጫማው ሲወጣ ጫፉ ተበልቶ ነበር። ሽማግሌው የማርያማዊትን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት» አሉ።

«መራመድዎን አይተዉም ጋሽዬ። ግን መኪና ሲያቆሙ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ጎማው እንዳይንከባለል ታኮ አደርጋለሁ። ከመነሣቴ በፊትም ዞሬ፣ ከጎማው ሥር ሰው አለመኖሩን አያለሁ።»

«ለማያውቁት ሰው ልጅ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ለራስዎ ልጅማ!»

ፒንሳ አምጥተው ሽቦውን ቆረጡ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጋሽ ዘሩ የሚራመዱት ማለዳ፣ የውብዳር ሳትወጣና ሕፃኗ ከእናቷ ጋር በሌላው ክፍል ሳለች፣ በሩን ቆልፈው ነው። ሲጨርሱ ሶኬቱን ይነቅላሉ፤ ቀዩን ቁልፍም ነቅለው ቁም ሣጥን አናት ላይ ያኖራሉ። ጥቅሙ ለሁሉም ተረፈ። ልጅቷ ያለ ሥጋት ትጫወታለች፤ እናቷ ሱቋ ውስጥ ልቧ አይሰቀልም፤ እሳቸውም ግማሽ ዓይናቸው ሕፃኗ ላይ ስለማይቀር፣ ረዘም አድርገው መራመድ ቻሉ። ሐኪሙም ስኳራቸው መውረዱን ነገራቸው።

ቆይተው፣ የቀድሞ ባልደረባቸው ልደቱ ዋራበሌ ሰፈር ባለው ቤቱ እንዲህ ያለ ማሽን ማስገባቱን ሰሙ። ወዲያው ደወሉለት።

«ልደቱ፣ ማሽንህ አሁን ተሰክቷል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«የልጅ ልጆችህስ?»

«እዚሁ አጠገቡ ይንጫጫሉ።»

«ተነሥና ሶኬቱን ንቀል።»

«ምሳዬን እየበላሁ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ነቅለህ ብላ። ስልኩን አልዘጋም፤ እጠብቅሃለሁ።»