አቶ ሳህሉ ዘመንፈስቅዱስና ባለ አንድ ዓይኑ እረኛ

አባቶች፣ እናቶች፣ ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ሁሉ፤

አቶ ሳህሉ ከአባታቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው ከአለቃ ዘመንፈስቅዱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበራሽ በ1962 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊውንም ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ ከአባታቸው ጎን ቀለም እየበጠበጡ ጎለመሱ። አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ሰብለወንጌልን በተክሊል አግብተው ዓመት ሳይሞላቸው ብቻቸውን ወደዚህ ወደ ሮም ተሰደዱ፤ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብም ማኤስትሮ ሬንዞ የተባሉ ሰው አሮጌ ሥዕል በሚያድሱበት ቤት ተቀጠሩ።

አንድ ጊዜ ትልቅ የገጠር ሥዕል መጣ። ሮኮኮ ይሉታል፤ ማለትም የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ባላባቶች ጭቃና ድካም የሌለበት ገጠር እያሳሉ ሳሎናቸው የሚሰቅሉት ዓይነት ነው፤ እረኛው ሐር ለብሶ፣ በጎቹ ታጥበው፣ ዛፉ ሁሉ ላባ መስሎ። ውኃ ገብቶበት የእረኛው ፊት ተልጦ ስለነበር፣ ማኤስትሮው አሮጌ ፎቶግራፍ እያዩ እንዲሞሉት ለአቶ ሳህሉ ሰጧቸው። ፎቶግራፉ ላይ እረኛው በጎን ነው የሚታየው፣ ባንድ ዓይኑ። በእኛ ሥዕል ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሳላል፤ ባንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። የአቶ ሳህሉ እጅ እሺ አላለም፤ ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጡት።

«አሎራ፣ እንግዲህ ሳህሉ፣ ይሄ እረኛ ነው ወይስ ሐዋርያ?» ብለው ማኤስትሮው ጮኹ። የሥዕሉ ባለቤቶች ሰኞ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ የሥራ ኮንትራት የለም፤ ኮንትራት ከሌለ ፔርሜሷቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ማለት ነው፣ አይታደስም፤ እሱ ካልታደሰ ደግሞ ወይዘሮ ሰብለወንጌል አዲስ አበባ መቅረታቸው ነው። አቶ ሳህሉ ግን «ምን ባጠፋ ነው ዓይኑን የማጎድልበት? በግ ነው የሚጠብቀው!» ብለው ድርቅ አሉ።

ቅዳሜ ለባለቤታቸው ደውለው ነገሩን ቢያዋዩአቸው፣ ወይዘሮዋ «ሳህልዬ፣ እኔ በሁለት ዓይኔ መንገድ መንገድ እያየሁ፣ አንተ ለሥዕል ዓይን ታዝናለህ?» አሏቸው።

እሑድ ሳያስቀድሱ ቀሩ። ማደሻ ቤቱን ከፍተው ገቡ፤ የሠሩትን ፊት ጠርገው፣ አማትበው፣ እረኛውን ባንድ ዓይን ሳሉት። ሰኞ ባለቤቶቹ «ቫ ቤኔ»፣ መልካም ነው፣ ብለው ወሰዱት፤ ኮንትራቱም ተፈረመ። የንስሐ አባታቸው «እረኛው አይከስህም» ቢሏቸውም፣ አቶ ሳህሉ ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ለመሳል ብሩሽ አላነሡም።

ወይዘሮ ሰብለወንጌል በዓመቱ መጡ፤ ልጆቻቸው ሲኒትና ሐይማኖትም እዚሁ ተወለዱ። አቶ ሳህሉ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ወይዘሮ ሰብለወንጌል «ባሌ»፣ ልጆቻቸው «አባዬ» ብለው በአንድ ሣጥን ዙሪያ አብረው ማልቀስ የቻሉት፣ ያን እሑድ እልሃቸውን ስለዋጡላቸው ነው።

የደከሙት እጆቻቸው ይረፉ፤ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። አሜን።